የስፖርት ማዕከል አባልነት ያዋጣል? ከታራዴል የተነሣ ሒሳብ

በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል በምትገኘው በታራዴል ሠፈር በረዶው መሬቱን ሲሸፍን በብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች ጓዳ አንድ ክርክር ይነሣል። ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ስልካቸው ላይ ይደፋሉ፤ ወላጆች ከሥራ ፈረቃቸው ደክመው ይገባሉ፤ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በኢትዮጵያውያን የሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። በዚህ መካከል አንዱ «ቤተሰቡን በሙሉ ስፖርት ማዕከል እናስመዝግብ» ሲል ሌላው «ከፍለን የማንሄድበት ነገር ነው» ብሎ ይመልሳል። የፊተኛውም መልስ አያጣም፦ «ካልከፈልን ደግሞ ጭራሽ አንነሣም።»

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። በየወሩ ከባንክ ሒሳብ የሚቆረጠው ገንዘብ ከቤት ኪራይ፣ ከመኪና ኢንሹራንስና አገር ቤት ላለች እናት ከሚላከው ጋር ይሻማል። በሌላ በኩል ስድስት ወር ያህል በሚዘልቀው ብርድ ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥም ዋጋ አለው፤ ሒሳቡ የሚመጣው ግን ዘግይቶ፣ በሐኪም ቤት በኩል ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ ክርክር ለዓመታት በቁጥር ሲመረምሩት ቆይተዋል። የደረሱበት ውጤት ሁለቱንም ተከራካሪዎች ያስደስታል፣ ሁለቱንም ያሳፍራል።

ታራዴል በዚህ ረገድ ዕድለኛ ሠፈር ናት። በፋልኮንሪጅ ቡለቫርድ ላይ የሚገኘው ጄነሲስ ሴንተር እ.ኤ.አ. በ2012 ከተከፈተ ወዲህ ለታራዴል፣ ለማርቲንዴል፣ ለሳድል ሪጅና ለአጎራባች ሠፈሮች የጋራ አዳራሽ ሆኖ ያገለግላል። በአንድ ጣሪያ ሥር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የኳስ ሜዳዎች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮዎችና ዋይ.ኤም.ሲ.ኤ. የሚያስተዳድረው የመዋኛና የስፖርት ክፍል ይገኙበታል። ስሙ ለጆሮ አዲስ ይመስላል እንጂ ድርጅቱ ለአዲስ አበባ ልጆች እንግዳ አይደለም፤ በአገር ቤት «ወወክማ» ተብሎ የሚታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር እርሱ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1844 በለንደን ተመሠረተ። የቅርጫት ኳስን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈለሰፈው ጄምስ ኔይስሚዝም በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ በነበረው የዚሁ ማኅበር ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረ ካናዳዊ ነው። የፈለሰፈውም ተማሪዎቹ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ስላጡ ነበር። የታራዴል ወላጆች ችግር እንግዲህ ቢያንስ የአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ዕድሜ አለው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው መጽሔት ያሳተሙት ነው። ርዕሱ ሲተረጎም «ጂም ላለመሄድ መክፈል» እንደማለት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ የሚገኙ ሦስት የስፖርት ማዕከላት ያላቸውን የ7,752 አባላት የመግቢያ መዝገብ ለሦስት ዓመታት ተከታተሉ። ሰዎቹን «ስንት ቀን ትሄዳላችሁ?» ብለው አልጠየቁም፤ በር ላይ ካርዳቸውን ያስነኩበትን ጊዜ ቆጠሩ እንጂ።

ውጤቱ አስገራሚ ነበር። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ በወር የሚመጡት 4.3 ጊዜ ብቻ ነበር። ክፍያው በጉብኝታቸው ቁጥር ሲካፈል አንዱ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ ያወጣል። በዚያው ማዕከል፣ በዚያው በር፣ አሥር ጊዜ የሚያስገባ ካርድ በአንድ ጉብኝት 10 ዶላር ይሸጥ ነበር። ይህን ካርድ ትተው ወርኃዊ አባልነትን የመረጡት ሰዎች በአባልነት ዘመናቸው በአማካይ 600 ዶላር አጥተዋል። ተመራማሪዎቹ ሰዎች ወደፊት ምን ያህል እንደሚመላለሱ በመጠይቅ ሲጠይቁም ግምቱ በመዝገቡ ከታየው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ግኝት ይበልጥ ያስተዛዝባል። ውል በየወሩ የሚታደስላቸው አባላት በፈለጉበት ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቶሎ የሚወጡት እነርሱ ሊሆኑ ይገባ ነበር። ሆኖም ከአንድ ዓመት በኋላ በአባልነት የመቆየታቸው ዕድል የዓመት ውል ከፈረሙት በ17 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ምክንያቱም ወርኃዊው ውል ሰውየው «ይብቃኝ» እስካላለ ድረስ በራሱ ይቀጥላል፤ የዓመቱ ግን ቀኑ ሲደርስ ካልታደሰ ያበቃል። ወርኃዊ አባላቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከተገኙበት ቀን አንሥቶ ውሉን እስኪያቋርጡ ድረስ በአማካይ 2.3 ሙሉ ወራት አልፈዋል። በእነዚያ ወራት ገንዘቡ ይቆረጣል፣ ሰውየው ቤቱ ነው። «ነገ እሰርዘዋለሁ» የሚለውም ሰው «ነገ እሄዳለሁ» ከሚለው የተለየ አይደለም፤ አንድ ሰው ነው።

ጥናቱ የአሜሪካ፣ ያውም የግል ማዕከላት ጥናት መሆኑ አይዘነጋ። የካልጋሪ የማኅበረሰብ ማዕከላት ዋጋና ውል ይለያል፤ የመዋኛ ገንዳና የልጆች መጫወቻ ያለው ቦታም የብረት ማንሻ ብቻ ካለው ቦታ ጋር አንድ አይደለም። ዘዴው ግን ለታራዴል ቤተሰብ እንዳለ ይሠራል። ወርኃዊውን ክፍያ ለአንድ ጊዜ መግቢያ በሚጠየቀው ዋጋ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል ወርኃዊው 70 ዶላር፣ የአንድ ጊዜ መግቢያው 14 ዶላር ቢሆን መካከለኛው መስመር በወር አምስት ጉብኝት ይሆናል። ከዚያ በታች የሚሄድ ሰው በሩ ላይ እየከፈለ ቢገባ ይሻለዋል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ አባልነቱን ይያዝ። ዋጋው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ትክክለኛውን ቁጥር ከማዕከሉ መውሰድ ያስፈልጋል።

አስቸጋሪው ታዲያ ማካፈሉ አይደለም፤ የራስን እግር መገመቱ ነው። የታራዴል ነዋሪ ግምት ሲያወጣ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ሊቀንስ የሚገባው ብዙ ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ጠዋት የሚፈልገው አልጋውን ነው። የታክሲ ሾፌር ገበያ ሲደራ ገበያውን ትቶ አይሄድም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን አንድ ወር ነው፤ በእነዚህ ጊዜያት ስፖርቱን የማይተው እንዳለ ሁሉ የሚተውም ብዙ ነው። አገር ቤት ለመጠየቅ የሚኬድበት ወርና ልጅ የሚታመምበት ሳምንት አለ። ሠርግና ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ አይጠይቁም። ይህ ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በምዝገባው ዕለት በልብ ከታሰበው ግማሽ ነው።

ይህ ማለት «ከፍለን አንሄድም» ያለው ወገን ረታ ማለት አይደለም። ገንዘብ መክፈል በራሱ እግርን የሚያንቀሳቅስ ኃይል አለው፤ ኃይሉ ግን ይደበዝዛል። ጆን ጎርቪልና ዲሊፕ ሶማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ የስፖርት ማዕከል አባላትን ተመልክተው ነበር። አባላቱ በከፈሉበት ወር ይጎርፋሉ፤ ከዚያ ወር በወር እየሳሱ ይሄዱና ቀጣዩ ክፍያ ሲመጣ እንደገና ይጎርፋሉ። የወጣው ገንዘብ ትዝታው ትኩስ እስከሆነ ድረስ ይቆጠቁጣል፣ ከዚያ ይረሳል። እንግዲህ «ካልከፈልን አንነሣም» ያለው ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልክ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን የሰው ባሕርይ ከተመራማሪዎቹ ቀድመው ያውቁታል፤ ዕቁብ የተሠራው በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው። ዕቁብ ወለድ አይከፍልም፣ ገንዘቡም ከጣዩ የራሱ ነው። ሰው የሚገባበት ብቻውን ሲሆን እንደማይቆጥብ ስለሚያውቅና ዳኛውንና ጓደኞቹን ስለሚያፍር ነው። ስፖርትም ብቻውን ከሆነ ሰው ይልቅ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በር ላይ የሚጠብቀው ጎረቤት ላለው ሰው ይቀላል። አራት ቤተሰቦች ተሰባስበው ያልመጣ መቀጫ እንዲከፍል ቢስማሙ ከማንኛውም የማዕከል ማስታወቂያ የተሻለ ይሠራል።

የክፍያው ነገር ይህን ይመስላል። በሚዛኑ ሌላኛው ወገን ያለው ደግሞ ጤና ነው፤ የስደተኛው ቤተሰብ ሒሳብ ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

በካናዳ የሕዝብ ጤና ተመራማሪዎች ዘንድ በደንብ የሚታወቅ አንድ ክስተት አለ። ስደተኞች ወደ አገሪቱ ሲገቡ ከካናዳ ተወላጆች በአማካይ የተሻለ ጤና ይዘው ይመጣሉ፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን ይህ ብልጫቸው እየቀነሰ ይሄዳል። በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች የሄዱ ስደተኞች ከምዕራብ አውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ከሄዱት ይልቅ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ከእስራኤል የመጣ ነው። ዳያቤቲስ በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በተጓዙ ወጣት ጎልማሶች ላይ የስኳር በሽታ ባልተጠበቀ መጠን በዝቶ መገኘቱን ዘግቧል። እነዚህ ሰዎች ከተራራማ የገጠር ኑሮ፣ ከረጅም የእግር መንገድና ከቀላል ምግብ የወጡ ነበሩ። ከመጡም ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ምግቡም፣ ጭንቀቱም፣ የዘር ውርሱም ድርሻ አላቸው። የእንቅስቃሴው ድርሻ ግን በግልጽ ይታያል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ስፖርት «እሠራለሁ» ባይልም ዳገቱና የታክሲ ወረፋው ሳያስበው ያሠሩታል። መሥራት ለሚፈልገውም የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ማለዳ በነፃ ይጠብቁታል፤ ጃን ሜዳም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዘመቻም አስፋልቱን ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፍት ታይቷል። በታራዴል ግን በጥር ወር የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 25 ወይም 30 ዲግሪ የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። ከሮኪ ተራሮች የሚነፍሰው ቺኑክ የተባለው ሞቃት ነፋስ አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ በረዶውን አቅልጦ እፎይታ ይሰጣል፤ የቀለጠው ውኃ በማግሥቱ ሲጋገር ግን የእግረኛው መንገድ መስታወት ይሆናል። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ መኪና። የብዙ ሰው የክረምት እንቅስቃሴ ይኸው ነው።

ምን ያህል እንቅስቃሴ ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲጨምሩ ይመክራል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ነው። የ150 ደቂቃው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በአሜሪካ የተካሄደው የስኳር በሽታ መከላከያ ሙከራ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመው በዚህ ሙከራ ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተሳትፈዋል። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱ የታገዙት ሰዎች ለበሽታው የመዳረግ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ወረደ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በ31 ከመቶ ነው የቀነሰላቸው።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ ሙከራ ከተሳታፊዎቹ የተፈለገው እንቅስቃሴ እንደ ፈጣን የእግር ጉዞ ያለ መሆኑ ነው። አባልነት፣ ማሽን፣ ልዩ ጫማ አላስፈለገም። የአባልነት ክፍያ የሚገዛው ጤናን ሳይሆን ሙቀት ያለው፣ የማያንሸራትትና ብርሃን የበራበት ቦታን ነው። ይህን ቦታ በሌላ መንገድ ያገኘ ሰው፣ ለምሳሌ በሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ኮሪደሮች የሚራመድ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ደረጃ ያለው፣ ገንዘቡን ለሌላ ሊያውለው ይችላል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ደግሞ የፕሬሪ ዊንድስ መናፈሻ ሜዳና የሠፈሩ መንገዶች አሉ። ዓመቱን ሙሉ ከሚከፈለው አባልነት የስድስት ወሩ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ ማዕከላት ይህን በራሳቸው አይነግሩም፣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አባልነት የማይገዛው ሌላም ነገር አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ካልጋሪ ከምትገኝበት ብዙም በማይርቅ ኬክሮስ ባለችው በኤድመንተን የፀሐይ ብርሃን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት የፈረንጅ ወራት በቆዳ ውስጥ ቫይታሚን ዲ ማመንጨት እንደማይችል አረጋግጧል። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው በበጋውም ቢሆን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሐኪሙን ለብቻ ቢያማክር መልካም ነው።

ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሒሳብ ይለያል፤ እዚህ ላይ የዴላቪኛና የማልመንዲየር ቁጥሮች እምብዛም አይረዱም። አራት ሰው በአንድ ቅዳሜ ሲገባ አራት መግቢያ ነው፤ የቤተሰብ አባልነት በወር በሁለትና በሦስት ቅዳሜ ሊመለስ ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን መዋኛው አለ። የካናዳ የሕይወት አድን ማኅበር ያስጠናው ጥናት አዲስ ካናዳውያን ዋና የማያውቁ የመሆን ዕድላቸው በካናዳ ከተወለዱት በአራት እጥፍ እንደሚበልጥ ያመለክታል። ከደጋ የመጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ራሳቸው ዋና ስለማይችሉ ልጆቻቸውን ማስተማር አይችሉም፤ አገሩ ግን በሐይቅና በወንዝ የተሞላ ነው፤ ልጆቹም በበጋ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ውኃ ዳር መሄዳቸው አይቀርም። የዋና ትምህርትን በገበያ ማዕከል ኮሪደር መተካት አይቻልም። ሆኖም በብዙ ማዕከላት ትምህርቱ ከአባልነቱ ተለይቶ የሚከፈል ነው፤ ለአባላት ቅናሽ መኖሩንና ቀድሞ የመመዝገብ መብት መሰጠቱን መጠየቅ ሒሳቡን ሊገለብጠው ይችላል። ለብቻቸው መዋኘት የሚፈልጉ እናቶችም የሴቶች ብቻ ሰዓት መኖሩን፣ ካለም ከፈረቃቸው ጋር መግጠሙን ሳያረጋግጡ ባይፈርሙ ይሻላል።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ከመነሻው ሊቀየር ይችላል። የካልጋሪ ከተማ አስተዳደር «ፌር ኤንትሪ» በተባለው አሠራር በአንድ ማመልከቻ የአውቶቡስና የባቡር ወርኃዊ ትኬት ቅናሽን፣ የከተማዋን የመዝናኛ ማዕከላት ክፍያ ድጋፍና ሌሎች አገልግሎቶችን እንዲያገኙ ያደርጋል። ዋይ.ኤም.ሲ.ኤ. የራሱ የክፍያ ድጋፍ ስላለው ለእርሱ የሚቀርበው ማመልከቻ ሌላ ነው። «ምጽዋት አልቀበልም» የሚል ኩራት አንዳንድ ቤተሰቦችን ከዚህ በር ያርቃል። ድጋፉ ግን ምጽዋት አይደለም፤ የከተማው ማዕከላት የሚሠሩትና የሚጠገኑት ያው ታክሲ ነጂና ጽዳት ሠራተኛ ጭምር በሚከፍለው ግብር ነው።

ወጣም ወረደ የመጨረሻው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልማድ ይሆናል ወይ? ጋሪ ቻርነስና ዩሪ ግኒዚ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ጂም ቢሄዱ ገንዘብ እንደሚከፈላቸው ነገሯቸው። ገንዘቡ ከቆመ በኋላም እነዚህ ተማሪዎች ካልተከፈላቸው ይልቅ መመላለሳቸውን ቀጠሉ፤ ለውጡ የታየውም ቀድሞ በማይሄዱት ላይ ነበር። ካተሪን ሚልክማንና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ልብ የሚሰቅሉ የድምፅ መጻሕፍትን ጂም ውስጥ ብቻ እንዲደመጡ አድርገው ሰጡ፤ መጀመሪያ ላይ ጉብኝቱ በ51 ከመቶ ጨመረ፤ የኅዳሩ የምስጋና በዓል ዕረፍት ሲመጣ ግን ተቋረጠና እንደነበረው አልተመለሰም። የአማርኛ ትረካ ወዳጅ የሆነ ሰው የሚወደውን ትረካ ለትሬድሚሉ ብቻ ቢያስቀምጥ ከዚህ ሙከራ ይጠቀማል፤ ከገና ዕረፍት በኋላ ያለው ሳምንት ግን አደገኛ መሆኑን ይወቅ።

ከእነዚህ ጥናቶች የሚወጣው አካሄድ ለአንድ የታራዴል ቤተሰብ ከባድ አይደለም። በጥቅምት ወር ውል ሳይፈርሙ አሥር ጊዜ የሚያስገባ ካርድ ወይም የአሥር ቀን መግቢያ ዋጋ በፖስታ ውስጥ ለይቶ ማስቀመጥ፤ እያንዳንዱ ጉብኝት በማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይመዝገብ። አሥሩ ከአንድ ወር ተኩል በፊት ካለቁ ወርኃዊው አባልነት ያዋጣል፤ ያን ጊዜም ለጾም ወይም ለጉዞ ውሉን ለጊዜው ማቆም ይቻል እንደሆነ፣ ለማቋረጥ ስንት ቀን ቀድሞ ማስታወቅ እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ የማቋረጫውን ቀን በስልክ ማስታወሻ ላይ በሚያዝያ መጀመሪያ አስቀምጦ መፈረም ነው። ገና ሲያልፍ አራቱ ጉብኝት እንኳ ካልተነካ፣ ቤተሰቡ ያጣው የአራቱን ቀን መግቢያ ብቻ ነው፤ ቀሪው ስድስት ለቺኑክ የማይመች ቅዳሜ ይቀመጣል።